የመምህሩ ፎርማን

ፍቺው ካለቀ በኋላ ሰውየው ምንም አልተሰማውም። ወዳጆቹ «አይዞህ፣ ያልፋል» ሲሉት «እሺ» ይላል፤ የሚያልፈው ነገር የቱ እንደሆነ ግን አይገባውም። ጥርስ ሐኪም በመርፌ ያደነዘዘው ድድ ለራስ ምላስ ባዕድ እንደሚሆን፣ ኑሮው የሌላ ሰው ሆኖበት ነበር። ሥራው የመጻሕፍት ገጽ ማቀናበር ነው። ቀን ማተሚያ ቤት ተቀምጦ የሰው ድርሰት ሲያሰማምር ይውላል፤ ሲመሽ ተከራይቶ በገባባት አንዲት ክፍል ግድግዳ ሲያይ ያመሻል።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስልኩ ጮኸ። የሚስቱ አባት ነበሩ፤ የቀድሞ ሚስቱ ማለት ነው።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ፎርማን ዛሬም አመፀብኝ» አሉት፣ ሰላምታውን ዘለው።

ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን ስለ ዕፅዋት ያስተማሩ ናቸው። ጡረታ ሲወጡ «አበባን የሚያወድስ ሞልቷል» ብለው ስለ አረም መጽሐፍ መጻፍ ያዙ። ጽሑፉንና ሥዕሉን ሰብስቦ መጽሐፍ የሚያደርገውን ፕሮግራም የጫነላቸው ሰውየው ነው፤ ያኔ ገና አማች ሳለ። ፕሮግራሙ ራሱ አይሠራም፤ ያሠራል። አንዱን «ገጹን ስደር» ብሎ ይልካል፤ ሌላውን «ማውጫ አውጣ፤ የአረሞቹን ስም በፊደል ተራ አስቀምጥ» ይላል፤ ከዚያ የመጀመሪያውን መልሶ ይጠራል። መምህሩ «ይኼማ ፎርማን ነው» አሉና ስሙ በዚያው ጸና።

«ምን አለዎት?»

«ምን ይለኛል! ‹አልተሳካም› አለና እጅ እግሩ የማይታወቅ ጽሑፍ ደረደረልኝ። ጨጓራዬን ላጠው።»

ሰውየው አልመጣም ማለት ይችል ነበር። እምቢ ለማለትም ግን የሆነ ስሜት ያስፈልጋል። ጃኬቱን አንስቶ ወጣ።

መምህሩ በሩን ከፍተው ፈገግ ማለት ጀመሩና መሐል ላይ ተዉት። ከፍቺው ወዲህ ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ነው። እጁን ጨበጡና ሳይለቁት ወደ ውስጥ ሳቡት። ጠረጴዛው እንደ ድሮው ነው፤ በአሮጌ ጋዜጣ መሐል የደረቁ አረሞች፣ ማጉያ መነጽር፣ ፊደሎቹ የተፋቁ ኮምፒውተር።

«ዛሬ እኔ አልነካም» አለ ሰውየው ወንበሩን ለሳቸው እየሳበ። «እርስዎ ይቀመጡ። ማንበቡን ላሳይዎት።»

«ለምን? አንተ አለህ አይደል?»

ሰውየው ማጉያውን አንስቶ አቀበላቸው። መምህሩም ደግመው ሳይጠይቁ ተቀመጡ።

መጀመሪያ የፎርማኑን መዝገብ አስከፈታቸው። «ይኼ የሚነግርዎት ማን እንደተላከና ማን እንደወደቀ ብቻ ነው። የወደቀው ማን ነው?»

መምህሩ ማጉያውን ስክሪኑ ላይ ደገኑ። «ማውጫ አውጪው… የለም፣ እሱማ ጭራሽ አልተላከም። ገጽ ሰዳሪው ነው የወደቀው። ሥራው እዚያ ላይ ቆሟል።»

«እንግዲህ ፎርማኑን ይተዉት፤ ከዚህ በላይ አያውቅም። ገጽ ሰዳሪው የጻፈውን የራሱን መዝገብ ይክፈቱ።»

ያኛው ሲከፈት ማለቂያ የለውም። መምህሩ ራሳቸውን ያዙ። «ይኼ ሁሉ ስህተት ነው?»

«አይደለም። አብዛኛው ወሬ ነው። ይኼ ‹መስመሩ ከኅዳጉ ወጣ› የሚለው ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ገጹን ያበላሻል እንጂ ሥራ አያስቆምም። ይለፉት። በቃለ አጋኖ ምልክት የሚጀምር መስመር ይፈልጉ።»

«አገኘሁ! ይኼውልህ ሌላ… ኧረ ሌላም አለ!»

«የመጀመሪያውን ብቻ ይያዙ። የቀሩትን ያመጣቸው እሱ ይሆናል። እሱ ሲቃና አብረው ይጠፋሉ።»

መምህሩ የባዕዱን ቋንቋ እየተረጎሙ አነበቡ። «የተከፈተ ቅንፍ ሳይዘጋ አንቀጹ አለቀ» ይላል። ከሥሩ የመስመሩ ቁጥር፣ ከላይ ደግሞ የፋይሉ ስም አለ። ስሙን ሲያዩ ድምፃቸው ወረደ።

«ምስጋናው ገጽ ላይ ነው። ተወው፣ በኋላ እኔው አየዋለሁ።»

«ይክፈቱት» አለ።

ከፈቱት። «ገጹን ሁሉ በትዕግሥት ላቀናበረልኝ ለውድ» ይላል፤ ከዚያ የተከፈተ ቅንፍ፣ ከዚያ ምንም። ቀድሞ «አማቼ» የሚል ቃል ነበረበት። በደማቅ ፊደል እንዲወጣ ብሎ ቅንፉን ያስገባው ራሱ ሰውየው ነው። አሁን ቃሉም የለ፣ መዝጊያውም የለ።

«እሷ አስጠፋችኝ ብለህ እንዳታስብ» አሉ መምህሩ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «አላየችውም። እኔው ነኝ። ‹አማቼ› ብዬ ልተወው፣ ውሸት ሆነ። ‹ወዳጄ› ብዬ ጻፍኩ፣ እንደ መንገድ ሰው ሆንክብኝ። ‹ልጄ› አልኩ። ልጄ ስልህ ደግሞ እሷ ምን ይሰማታል? ስጽፍ ስሰርዝ፣ ስጽፍ ስሰርዝ፣ ቅንፏን መቼ እንደበላኋት እንጃ።»

ሰውየው ጋዜጣው መሐል ከደረቁት አረሞች አንዷን አየና ወደ ስክሪኑ ተመለሰ።

«ቅንፉን ይዝጉት» አለ።

«ቃሉስ?»

«ባዶም ቢሆን ይሄዳል። ፎርማኑ ቃሉን አይጠይቅም።»

መምህሩ በአንድ ጣታቸው ቅንፉን ዘጉና ፎርማኑን ላኩት። ገጽ ሰዳሪው ሄዶ ተመለሰ፤ ማውጫ አውጪው ሄደ፤ ገጽ ሰዳሪው ዳግም ተጠራ። «ሁሉም ተሳካ» አለ ስክሪኑ። አንዳቸውም ደስ አላላቸውም።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና የመምህሩ ልጅ ሽንኩርትና ሳሙና ይዛ ገባች።

«አለህ እንዴ» አለችው።

«ፎርማኑ ታሞ ነው።»

«ዳነ?»

«ዳነ።»

«ካፖርትህ እኔ ጋ ቀርቷል። ብርዱ ሳይገባ ውሰደው።»

«እሺ፣ እወስደዋለሁ።»

ጠብም የለ፣ ኩርፊያም የለ። እሷ ወደ ወጥ ቤት አለፈች፤ እሱ ለመሄድ ተነሣ። አባትየው አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን እያዩ እስከ ደረጃው ሸኙት።

«እንግዲህ ማንበብ ካወቅሁ፣ አትመጣም ማለት ነው» አሉት።

«ሲቸግርዎት ይደውሉ፣ ጋሼ።»

«ካልቸገረኝስ?»

ደረጃውን ወርዶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ስልክ ሳይመጣ ሰነበተ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ አንድ ጫማ አውልቆ ሁለተኛውን ማውለቁ ታክቶት ሳለ መምህሩ ደወሉ።

«ፎርማኑ አመፀ?»

«የለም። እንዲያውም ትናንት አንድ ስህተት ራሴ አግኝቼ ራሴ አቃናሁ። ዛሬ ሁሉም ተሳክቷል።»

«ጎበዝ! እና ምን ልርዳዎት?»

«መዝገቡን ላንብብልህ ብዬ ነው። ምናልባት ያመለጠኝ ነገር ቢኖር።»

የተሳካ ሥራ መዝገብ ውስጥ ለስልክ የሚያደርስ ነገር እንደሌለ ሰውየው ያውቃል። ያስተማራቸው እሱ ነውና እሳቸውም ያውቃሉ። ባንድ እግሩ ጫማ እንዳደረገ ጋደም አለ።

«ያንብቡልኝ» አለ።

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ከላይ ጀመሩ። ገጽ ሰዳሪው ተላከ፣ ተሳካ። ማውጫ አውጪው ተላከ፣ ተሳካ። ገጽ ሰዳሪው ዳግም ተላከ፣ ተሳካ። ከዚያ ወደ ገጽ ሰዳሪው መዝገብ ገቡና መስመር በመስመር፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር ሰው ረጋ ብለው ወረዱ።

«የኩርንችት ገጽ ላይ መስመሩ ከኅዳጉ ወጣ ይላል። ማስጠንቀቂያ ነው፤ ልለፈው?»

«ይለፉት።»

«የትኛዋ ቃል እንደሆነች ግን ባያት ደስ ይለኛል። ትጠብቀኛለህ?»

«ይዩአት» አለ ሰውየው። «እኔ አልቸኩልም።»