የክንዱ አባት ልቅሶ

የክንዱ አባት አቶ ዘሚካኤል አረፉ ብለው ከቡሬ ሰው ሲልኩብኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና ደስ አለኝ። ሙሾ አውራጅ ነኝ። በኛ አገር ለትልቅ ሰው ልቅሶ ደጊቱ ካልተጠራች ሟቹ እንደ ተናቀ ይቆጠራል።

ክንዱ የቀበሌያችን ካድሬ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከበሮ እያስመታ ልጄን ስመኘውን ከእርሻ ላይ አንስቶ የሸኘው እሱ ነው። ጎረቤት ኤርትራም ከጎናችን ናት፣ ቶሎ ያልቃል አለን። ስመኘው ሳይመለስ ቀረ። መርዶውን ጓደኛው ሲነግረኝ ልብሱን አደባባይ አውጥቼ ላለቅስለት ድንኳን አስተከልሁ፤ ክንዱ መጥቶ አስነቀለው። የዘማቹ ወኔ ይሰለባል አለ። ለሰው ሁሉ ያለቀስሁ ሴት ለልጄ አፌን ይዤ ቀረሁ።

ከዚያ መንግሥትና ጠላት የተባሉት ደቡብ አፍሪካ ሄደው ተፈራረሙ ተባለ። ክንዱ ስብሰባ ጠርቶ፣ የትናንቱ ጠላት ወንድማችን ነው፣ ቂም ይብቃ አለን። ቆየት ብሎ ደግሞ ሌላ ስብሰባ ጠራ፦ ያ ከጎናችን የተዋጋው ጎረቤት አሁን አይታመንም፣ የባሕር በር የህልውና ጉዳይ ነው፣ ወጣቶቻችሁን አዘጋጁ። እሱ ወዳጅና ጠላትን እንደ ጋቢ ይገለብጣል። የኔ ልጅ ግን አንዴ ሞቷል።

ልቅሶው ሰፊ ነበር። በግጭት ተዘግቶ የከረመው መንገድ በዚያ ሳምንት ስለተከፈተ ከፍኖተ ሰላም ሹማምንት፣ ከደምበጫ ዘመድ መጣ። ክንዱ ነጠላውን አገልድሞ ከፊት ቆመ። ሙሾ ሲወርድ የሟች ልጅ በየስንኙ ደረቱን ይመታል፤ አውራጇን መሃል ላይ ያስቆመ ቤት ርግማን ይገባዋል ይባላል። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

መሃል ገብቼ ድምፄን ለቀቅሁት።

"ልጄን ለጦር ሰጠሁ ጠላት መጣ ቢሉ፣
ልብሴ ከሉ ሳይለቅ ታረቅን ይላሉ።"

ከዚያ ልጇ እዚያው ጦር ሜዳ የቀረባት ንግሥቴ ዋይ ብላ ወደቀች፤ ልቅሶው ተቀጣጠለ። የስመኘውን ስም ጠራሁ። የንግሥቴን ልጅ የደጀኔን ስም ጠራሁ። ልጅ ያልተመለሰላቸው እናቶች ሁሉ የየልጃቸውን ስም እያቀበሉኝ ጠራሁ። የክንዱ ላብ በፊቱ ወረደ። ጠጋ ብሎ፣ "እቴ ደጊቱ፣ የአባቴን ያውርዱልኝ፣ በማርያም ይለመኑኝ" አለ።

እንዳልሰማ ሆንሁ። ሹማምንቱም ዘመዱም እያየው ምን ያድርግ? እጁን አንስቶ ለልጄ ደረቱን መታ። አጥብቆ እስኪመታ አልለቀቅሁትም።

አቶ ዘሚካኤል ደግ ሰው ነበሩ። ስመኘውን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው። ጥሩ ስንኝ ይገባቸው ነበር፤ አንድም አልሰጠኋቸውም።

ሰዉ ሲበተን ባለቤታቸው እማማ እህተ ማርያም ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወደኔ መጡ። ዓይናቸው ደርቋል።

"ደጊቱ፣ የኔ ባል ምን በደለሽ? ለሱስ ማን ያልቅስለት?" አሉኝ።

"እርስዎ ልጅ አለዎት አይደል፣ እማማ? እሱ ያልቅስላቸው" አልኋቸው።