ስም የማይዘለልበት ቤት

«ዝጊው እባክሽ!» አሉ ጋሼ ወገኔ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እህቴን ገና ትናንት ቀብረን፣ ሰው ምን ይለናል?»

ትርሲት አልዘጋችውም። ድንኳኑ ጥግ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ እግሯን አጥፋ፣ የእናቷን መጽሐፍ ቅዱስ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ጮክ ብላ ታነባለች። የደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ በሸራው ስር እየገባ ጣቷን አደንዝዞታል። ማዶ የእድሩ ወንዶች ካርታ ይጫወታሉ፤ እነሱን ሰው ምን ይላል ያላቸው የለም። ለቅሶ ቤት ካርታ ተፈቅዶ መጽሐፍ ቅዱስ ነውር ሆነ እንዴ? ይህን በሆዷ ብላ ንባቧን ቀጠለች።

የምታነበው ደግሞ ሐዘንተኛን የሚያጽናና ዓይነት አልነበረም። ዜና መዋዕል ላይ ናት፤ እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌም እገሌን ወለደ የሚለው፣ ለምላስ የማይመች የስም ክምር ላይ።

«ማንበቡ ካልቀረ ዳዊት ድገሚ» አሉ ጋሼ ወገኔ፣ አሁን እንደ መለማመጥ ብለው። «እሱስ ለነፍሷ ይሆናል። ይሄ የማን ዘር ማንዘር ነው?»

«እማዬ የደረሰችው እዚህ ነው፣ ጋሼ።»

«እሷማ አረፈች!»

«እኔ አለሁ አይደል?»

ጎረቤቶቹ ንፍሯቸውን እየቆረጠሙ ተንሾካሾኩ። «የእናቷ ልጅ አይደለች?» አለች አንዷ። «እትዬ አስናቀችስ በልጃቸው ሐዘን እንዲሁ አድርገው የለ?»

እውነት ነው፣ አድርጋለች። የትርሲት ወንድም መልካሙ ጦርነት ላይ ወድቆ፣ አስከሬኑ ሳይመጣ፣ ፎቶግራፉ ተይዞ የተለቀሰ ጊዜ ነው። በማግስቱ ጠዋት አስናቀች ፊቷን ታጥባ፣ እህል ሳትቀምስ፣ እንደ ወትሮዋ መጽሐፏን ገለጠች። ፊደል የለየችው በወጣትነቷ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ አንድ ምዕራፍ፣ ጣቷን ከመስመሩ ስር እያስኬደች፣ ከዘፍጥረት እስከ ራእይ፣ ሲያልቅ እንደገና ከዘፍጥረት። ሰርግ ቢሆን፣ አጨዳ ቢሆን፣ ጉንፋን ቢጥላት፣ ከጠዋቱ ንባብ የሚያስቀራት አልነበረም።

ያን ቀን የደረሳት ኦሪት ዘኍልቍ ነበር፤ ለሰልፍ የሚወጡት ሰዎች በየነገዳቸውና በየስማቸው የተቆጠሩበት። ትርሲት ሰምታ አላስቻላትም።

«እንዴት ያስችልሻል?» ብላ ጮኸችባት። «ልጅሽን ወስዶብሽ? እግዜርን አልተቀየምሽውም?»

«ተቀይሜዋለሁ እንጂ!» አለች እናቷ። ዓይኗ በልቅሶ አብጦ መስመሩን የምታየው በግድ ነበር። «ክፉኛ ነው የተቀየምኩት። ግን ከሱ ጋር መነጋገር ከተውኩ ማን ላይ ልጮህ ነው? በየጠዋቱ ፊቱ እቀመጣለሁ። እሰማዋለሁ፣ እሱም ይሰማኛል። ለማንም ብዬ አልተውም።»

«እሺ፣ እነዚህን ስሞች እንኳ ዝለያቸው።»

«አልዘልም። እነዚህም እናት አላቸው። ነገ አንዱ የመልካሙን ስም ተጽፎ ቢያገኘው፣ ዘሎት እንዲያልፍ ትፈልጊያለሽ?»

ትርሲት ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ እናቷ አጠገብ መቀመጥ ጀመረች፤ የአስናቀች ዓይን ሲደክም ደግሞ አንባቢዋ እሷ ሆነች። እናቷ በመጨረሻ አልጋ ላይ ሆና የለመነቻት አንድ ነገር ብቻ ነው። «እኔ ብሞትም ጠዋቱን እንዳትዘልዪው» አለቻት። ትርሲትም እሺ አለች። ትናንት ከቀብሩ በፊት ጓዳ ተደብቃ አንብባለች። ዛሬ ግን መደበቁ ራሱ አናደዳት። በእናቷ ቤት የእናቷን ንባብ ማንን ፈርታ ነው የምትደብቀው? ዛሬ አንዴ ከዘለለችው ደግሞ ለነገም ምክንያት አይጠፋም፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ እንደሚቀር ታውቃለች።

ከውጭ መኪና ቆመ። የአንኮበር ለቀስተኛ ደረሰ።

«ወይኔ እህቴን! ወይኔ አስናቀች!» እያሉ ፊት የሚመሩት እትዬ ማኅደረማርያም ናቸው፤ ከአስናቀች ጋር አብረው ያደጉ፣ ሙሾ ሲያወርዱ አገር የሚያስለቅሱ ሴት። ለቀስተኛ እያለቀሰ ሲገባ ባለሐዘኑ ተነስቶ አብሮ ያለቅሳል፤ ቁጭ ብሎ መቀበል ለመጣው ሰው ስድብ ነው። ካርታው ተሰበሰበ። ድንኳኑ በሙሉ ብድግ አለ። የትርሲት ምዕራፍ ግን አላለቀም።

«ተነሺ!» ጋሼ ወገኔ ክንዷን ያዙ። «ይሄን ሁሉ መንገድ አቋርጠው ለመጡ ሰዎች ትነሻለሽ!»

«ስጨርስ እነሳለሁ።»

«ታዋርጂኛለሽ?»

«ክንዴን ይልቀቁኝ፣ ጋሼ።»

ድምፅዋን ከልቅሶው በላይ ከፍ አድርጋ ስሞቹን አንድ በአንድ ጠራች። እትዬ ማኅደረማርያም ፊቷ ሲደርሱ ሙሾውን አቋረጡ፤ ከኋላቸው ያለውም ልቅሶውን ገታ። ሰው በሙሉ ቁጣቸውን ይጠብቃል።

«ምንድን ነው የምታነቢው?» አሉ።

«የዛሬውን ነው፣ እትዬ። እማዬ የደረሰችበትን። የሰው ስም ነው።»

«እሷ ስሞቹንም ታነብ ነበር?»

«አንድም ዘላ አታውቅም።»

ይህን ብላ ወደ ገጹ ተመለሰች፤ ከቀብሩ ጀምሮ እምቢ ያላት እንባ አሁን ዓይኗን ሞልቶ ፊደሉ ጠፋባት። የአንዱን ሰው ስም ጀምራ አቃታት። ደግማ ጀመረች፣ አሁንም አቃታት። ጋሼ ወገኔ መጽሐፉን ሊወስዱላት እጃቸውን ዘረጉ።

እትዬ ማኅደረማርያም የጋሼ ወገኔን እጅ መለስ አደረጉት። ቀስ ብለው ፍራሹ ላይ ተንበረከኩና፣ በነጠላቸው ጫፍ አንዱን ዓይኗን፣ ከዚያም ሌላውን ጠረጉላት። እንባው መልሶ ሞላ። መልሰው ጠረጉት።

«አሁን ይታይሻል?» አሏት፣ ነጠላውን ከፊቷ ሳያርቁ። «በይ ያንን ስም ጨርሺው።»