ሃያ ሁለት ዓመት ተጠባባቂ

«እስቲ ቀስ ብለህ ድገመው» አለችው የሟች ሚስት።

የክር ፋብሪካው የአስተዳደር ሠራተኛ የፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን እንደገና ዘረጋ። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከመለጠፉ በፊት ቤተሰብ ይየው ተብሎ ነው የመጣው።

«ድርጅታችንን ለሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከዚህም ውስጥ ሃያ ሁለቱን በጥገና ክፍል ተጠባባቂ ኃላፊነት ያገለገሉት ባልደረባችን…»

«እሷን ቃል አውጣት።»

«የትኛዋን፣ እናቴ?»

«ተጠባባቂ የምትለዋን።»

ለቅሶ ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። እስካሁን ሰው ሲገባ ከማልቀስ፣ ሰው ሲወጣ «እግዜር ይስጥልኝ» ከማለት በቀር ምንም አልተናገረችም። ሻይ የምታዞረው ልጇ ደንግጣ ትሪውን እንደያዘች ቆመች።

«ሹመቱ ስላልጸደቀ እኮ ነው» አለ ሠራተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዲፕሎማ ስላልነበራቸው…»

በሩ ሥር የተቀመጠው የሟች የሥራ ጓደኛ፣ ፋብሪካው ሁሉ «ዘይቱ» የሚለው ሽማግሌ፣ አላስጨረሰውም። «ዲፕሎማ ያላቸውን ሦስት አለቆች ያሠለጠነው ማን ሆነና ነው? ተጠባባቂ እኮ ኳስ ሜዳም አለ። ግን ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። የእኛው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተሰልፎ የተጫወተ ተጠባባቂ ነበር!»

ሁለት ሴቶች ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፈኑ። ዘይቱ ግን በራሱ ቀልድ አለቀሰ።

ሟቹ ማሽን ሲታመም በመዳፉ ነበር የሚያውቀው። ሽፋኑ ላይ እጁን ጣል ያደርግና «ግራ በኩል፣ ሦስተኛው ኩሽኔታ» ይላል፤ ሲፈታ እሱው ነው። ልጃቸው ትንሽ ሳለች «ተጠባባቂ» ማለት ሰው እንዳይጎዳ ቆሞ የሚጠብቅ መስሏት ትምህርት ቤት ትኮራበት ነበር። አባቷ ሰምቶ ሳቀ እንጂ አላረማትም።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዐሥራ አንደኛው ዓመት ላይ፣ መሮት አቤቱታ ጻፈ። ሸሚዝ ቀይሮ፣ ደብዳቤውን በኪሱ ይዞ ሊወጣ ሲል ሚስቱ በር ላይ ቆመችበት። ልጅ ካሳላት የሳንባ በሽታ፣ ዝናብ ካጉረመረመ የተነሳ ጣሪያ የሚታያት ሴት ነበረች።

«ተው፣ ነገር አትፈልግ። ያለችህንም ያሳጡሃል።»

«የጠየቅኩት እኮ የምሠራውን ሥራ ስም ነው።»

«ስም አይበላም!»

ደብዳቤውን አውጥቶ ሰጣት። እሷ እሳት ውስጥ ከተተችው፤ እሱ ሥራው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስቶ አያውቅም። ባለፈው እሑድ ጠዋት፣ በዕረፍት ቀኑ፣ ማሽን ቆመ ብለው ሲደውሉለት «መጣሁ» አለ። ጫማውን ሊያስር እንዳጎነበሰ ቀረ።

«ካወጣኋት የምጠየቀው እኔ ነኝ፣ እናቴ» አለ የአስተዳደር ሠራተኛው። ግንባሩን አልቦታል። «ልጆች አሉኝ። ያለችኝንም ያሳጡኛል።»

ቀና ብላ አየችው። ከአፉ የወጣው የራሷ ቃል ነበር።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አለች። «እኔም ባሌን እንዲህ እያልኩ ነው ያኖርኩት። እሱን ግን አላባረሩትም። ይኸው እስከ እሑድ ድረስ ሲጠሩት ኖሩ።»

ሠራተኛው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ብዙ አየው። ከዚያ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ከወረቀቱ ጋር ዘረጋላት።

«እርስዎ ይሰርዙት። እኔ እለጥፈዋለሁ። ያሉኝን ይበሉኝ።»

አንድ መስመር አሰመረች። ቃሏ ጠፋች፤ የቀረው ዐረፍተ ነገር ምንም አልጎደለበትም።

«ይኸው ነው?» አለች። «ይኼን ያህል ብቻ ነበር እንዴ?»

ዘይቱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሠራተኛው ወረቀቱን አጥፎ፣ እጅ ነስቶ ወጣ፤ እስክሪብቶውን አልጠየቀም። ልጇ ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጣ ከጎኗ ተንበረከከችና እስክሪብቶውን ቀስ ብላ ልትቀበላት ሞከረች። የእናቷ ጣቶች አልፈታ አሉ። አንዱን አላቀቀች፣ ሁለተኛውን አላቀቀች። ከዚያ ተወቻቸውና የእናቷን ጭብጥ በሁለት እጇ ሸፍና ተቀመጠች።