የነቀዝ ማዳመጫ

አምፕሊፋየሩን የሠራሁት ለዘፈን ነበር። ባለቤቴ ሸዋወርቅ አስተማሪ ናት፤ ከራት በፊት ተቀምጣ የተማሪዎቿን ደብተር ስታርም የቴፕ ድምፅ ይረብሻታል። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ መልካሳ ምርምር ጣቢያ ሚዛንና ቴርሞሜትር ስጠግን ውዬ ናዝሬት ስገባ፣ ጥቂት ሙዚቃ ካልሰማሁ ቀኑ ያለቀ አይመስለኝም። ስለዚህ ከተበላሸ ሬዲዮ ባወጣኋቸው ዕቃዎች አንዲት ትንሽ የድምፅ ማጉያ ሠርቼ የጆሮ ማዳመጫ ሰካሁባት። እሷ ታርማለች፣ እኔ እሰማለሁ። በቤቱ ውስጥ ሰላም ሆነ።

ችግሩ ከዘፈኑ በስተኋላ ያለው ድምፅ ነበር። ዘፋኙ ትንፋሹን ሲሰበስብ፣ ክራሩ ሲያርፍ፣ ሩቅ ቦታ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የሚጥል የሚመስል ሽሽታ ብቅ ይላል። ከሱ ሥር ደግሞ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ የሚመጣ፣ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም ወፍራም እምታ አለ። ሸዋወርቅ ማዳመጫውን አንድ ጊዜ አድርጋ ሰማችና፣ «ምን ጎደለው? ጥርት ያለ ነው» አለች። እኔ ግን አንዴ ካስተዋልኩት በኋላ ዘፈኑን ትቼ እሱን ማዳመጥ ጀምሬ ነበር።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ማግስት፣ መጋቢት ላይ፣ አዴ ቡዜ መጡ። አዴ ቡዜ የሸዋወርቅ የክርስትና እናት ናቸው። ቆቃ አጠገብ ይኖራሉ፤ ቅዳሜ ሽንኩርት ይዘው ገበያ ሲወጡ እኛ ቤት ሳያርፉ አይመለሱም። የዚያን ቀን የቀረበላቸውን ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ነበር ወሬያቸውን የጀመሩት።

«ገበሬ ማኅበሩ ዘር ሊሰጥ ነው።»

«ታዲያ ደስ አይልም?» አለች ሸዋወርቅ።

«የሚሰጠው ለሌለው ነው። ዘር አለኝ ያለ በራሱ ዘር ይዘራል። ነቅዞብኛል ካለ ደግሞ ዕቃውን በኮሚቴው ፊት ከፍቶ ያሳያል። ምዝገባው የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው እሑድ ያበቃል።»

ነገሩ የገባን እንስራውን ስለምናውቀው ነው። አዴ ቡዜ የማሽላ ዘራቸውን የሚያስቀምጡት በእንስራ ነው፤ አፉ በእበትና በአመድ ይመረግና ዝናብ መሬቱን ሳያርስ አይከፈትም። ያገሩ ልማድ ነው፤ ምክንያትም አለው። አንዴ የተከፈተ እንስራ ውስጥ እርጥበትና ነቀዝ ተከታትለው ይገባሉ፤ መልሰው ቢመርጉት እንደ መጀመሪያው አይሆንም። ማሽላው ደግሞ ሟች ባላቸው ከዓመት ዓመት እየመረጡ ያቆዩት ነው። በድርቁ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ዘሩን በልቶ ስለጨረሰ፣ ያ ዘር የቀረው በዚያ እንስራ ብቻ ነበር። አዴ ቡዜ ያንን ሁሉ ወራት ሽንኩርት በጨው ቀቅለው እየበሉ ሲያሳልፉ እንኳ ምርጊቱን አልነኩትም።

«ደህና ሆኖ ከከፈትኩት በገዛ እጄ አጠፋሁት» አሉ። «ነቅዞ ሳልከፍተው ዝናቡ ከደረሰ ደግሞ ምን ልዘራ ነው? አፈር?»

«በትንሽ ቀዳዳ ጥቂት ፍሬ ማውጣት አይቻልም?» አለች ሸዋወርቅ።

«ቀዳዳ ማለት መክፈት አይደል እንዴ፣ ልጄ?»

ፍሬው ቢወጣም ብዙ አይነግረንም ነበር። ነቀዝ ዕንቁላሉን የሚጥለው በፍሬው ውስጥ ነው። ትሉ ከውስጥ እየበላ ያድጋል፤ ነቀዝ ሆኖ ቀድዶ እስኪወጣ ድረስ ውጭውን ለሚያይ ሰው ፍሬው ሙሉ ነው። ግን ሲበላ ድምፅ ያወጣል። ይህን ሥራ ቦታ ሲወራ ሰምቼ ነበር፤ በጆሮዬ ግን ሰምቼው አላውቅም።

«አዴ ቡዜ፣ እስከ እሑድ ሳምንት ጊዜ ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ጊዜውን የሰጠው ማኅበሩ ነው፤ እኔ ምን አለኝ» አሉና ውሃቸውን ጠጡ።

በማግሥቱ ሥራ ጀመርኩ። ከአሮጌ ሸክላ ማጫወቻ ላይ መርፌ የሚሰካበትን ራስ ፈታሁ። መርፌው ሲነዘር ራሱ ውስጥ ያለው ክሪስታል ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ መርፌው የነካው ነገር የዘፈን ሸክላ ይሁን እንስራ ለክሪስታሉ ግድ የለውም። ከዚያ ከጓዳችን የነቀዘ ማሽላ ፈልጌ በቆርቆሮ አደረግሁና መርፌውን በቆርቆሮው ጎን አስደገፍኩት። ውስጡ ነቀዝ እንዳለ በዓይኔ አይቻለሁ። በማዳመጫው የሰማሁት ግን ያንኑ ሽሽታና ያንኑ እምታ ነው።

አንድ ደንብ አወጣሁ፦ በአንድ ጊዜ የሚቀየረው አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ ከተቀየረ በኋላም ያው ቆርቆሮ፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ከሥራ መልስ በዚያው ሰዓት ይደመጣል። ሁለት ነገር አብሮ ከተቀየረ የትኛው እንደጠቀመ አይታወቅም።

መጀመሪያ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ተውኩና በባትሪ ድንጋይ እንዲሠራ አደረግሁት። እምታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ በቤቱ ጣሪያ ሥር ከሚያልፉት ሽቦዎች በአየር ይገባ ነበር። ቀጥሎ ማጉያውን እንዳለ በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ከትቼ ጣሳውን ከባትሪው አሉታዊ ጫፍ ጋር በየድኩት። እምታው ጸጥ አለ። ቀጥሎ ያረጁትን ኮንደንሰሮች በአዲስ ለወጥኩ። ሽሽታው አልተነካም፤ ግን አልፎ አልፎ ይሰማ የነበረው ፍንጣቂ ቀረ። ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ማጉያው ራሱ የሚፈነጥቅ ከሆነ ነቀዙን ከማሽኑ እንዴት እለያለሁ?

የቀረው ሽሽታው ነው። ድምፅ መጀመሪያ የሚገባው በአንደኛው ትራንዚስተር ነው፤ እሱ ላይ የተጨመረ ሹክሹክታ በተከታዮቹ ሁሉ እየጎላ ይሄዳል። ገበያው አጠገብ ሬዲዮ ወደሚጠግነው ወደ ኑሬ ሄድኩና የሚያስፈልገኝን ነገርኩት።

«ለምንድነው?» አለ ኑሬ።

«ነቀዝ ልሰማበት።»

ኑሬ ጥቂት አየኝ። «መልካሳ ሰው ደመወዝ የሚከፈለው ለዚህ ነው?» አለና ሳጥኑን ጎረጎረ። «ይኸው። ከቴፕ ራስ አጠገብ የነበረ ነው። ትንሽ ድምፅ የለመደ ነው። ስትበይድ እግሩን በፒንሳ ያዘው፤ ሙቀት አይወድም።»

በፒንሳ ይዤ በየድኩት። ከጎኑ ያለውን፣ እሱም ሽሽታ የሚጨምረውን አሮጌ ሬዚስተር መለወጡን ግን ለማግሥቱ አቆየሁት፤ ደንቡ ደንብ ነው። ሁለቱም ከገቡ በኋላ ማዳመጫውን ሳደርግ መጀመሪያ ባትሪው ያለቀ መሰለኝ። ሽሽታው ጠፍቶ ነበር። ከዚያ በጸጥታው ውስጥ፣ አንድ ሰው ደረቅ ቆሎ አፉን ዘግቶ የሚቆረጥም ያህል፣ ትንንሽ ቁርጥማቶች ተከታትለው መጡ። ቆሙ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ መጡ።

ሸዋወርቅን ጠራኋት። ሰማችና ማዳመጫውን ቀስ ብላ አወለቀች።

«ያኝካል።»

«አዎ።»

«ሰው በዚህ ዘፈን ይሰማበታል» አለች። ከዚያ ግን ወደ ጓዳ ገብታ የምስሩን፣ የአተሩንና የባቄላውን ጣሳ ይዛ መጣች። «በል እነዚህንም አስደምጠኝ።» የባቄላውን ሰምታ ጣሳውን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች።

እሑድ ጠዋት ማጉያውንና የነቀዘውን ቆርቆሮ ይዤ ቆቃ ወረድኩ። ቆርቆሮውን የወሰድኩት ማሽኑ በመንገድ ተናውጦ ቢበላሽ እንዳውቅ ነው። የማይሰማ ማሽንና ነቀዝ የሌለበት እህል በጆሮ ሲሰሙ አንድ ናቸው።

አዴ ቡዜ በር ላይ ተቀበሉኝ። «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ፣ ልጄ። ግባ፣ ግባ።» ቤቱ እንደ ሠርግ ቤት ተሰናድቷል። መደቡ ገና ጠዋት በእበት ተለቅልቆ፣ ወለሉ ተጠርጎ፣ እንስራውም ከጥግ ወጥቶ ሆዱ ሁሉ በአዲስ እበትና አመድ ተለስኖ ይጠብቀኛል። የማኅበሩ ጸሐፊ ገርባም መጥቶ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። የአዴ ቡዜ ጎረቤት ነው፤ ደግ ሰው ነው፣ ቀልድ ይወዳል።

«ጓድ አብተው፣ ይህ በጆሮ ብቻ የሚሰማ ሬዲዮ የየት አገር ጣቢያ ነው የሚይዘው?» አለኝ።

«የማሽላ።»

«እንግዲያው ችግር የለውም። ከመሸ ግን እኔ አልመዘግብም፤ ነገ ወደ ወረዳ የማስገባው ነው።»

ቆርቆሮውን ቀድሜ አዳመጥኩ። ቁርጥማቱ አለ፤ ማሽኑ ደህና ደርሷል። ከዚያ መርፌውን በእንስራው ሆድ ላይ አስደገፍኩ።

ጠቅ አለ። ትንሽ ቆይቶ ጠቅ። ጠቅ፣ ጠቅ።

ፊቴን ሳልሰውር ቀረሁ መሰለኝ፣ አዴ ቡዜ ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«ነቅዟል?»

«ድምፅ አለ» አልኩ። 

 አዴ ቡዜ ተነሱና ከግድግዳው ላይ ቢላዋ አወረዱ። ገርባ ቆቡን ራሱ ላይ አስተካክሎ ቆመ፤ ቀልዱ ጠፍቶበታል። «አዴ ቡዜ፣ የመንግሥትም ዘር መጥፎ አይደለም። ቶሎ ይደርሳል» አለ።

«የሱ እጅ አልነካውም» አሉ አዴ ቡዜ፤ ባላቸውን ማለታቸው ነው። ተንበርክከው የቢላዋውን ጫፍ በእንስራው አፍ ምርጊት ላይ አሳረፉ።

እኔ ማዳመጫውን አላወለቅሁም ነበር። አንድ ነገር አልጣመኝም። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ነቀዝ ይቆረጥማል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይቆረጥማል። ይህኛው ግን አያርፍም፤ አይከታተልምም። አንድ፣ አንድ ብቻ። እንደሚበላ ነገር አይደለም።

«አዴ ቡዜ፣ ትንሽ ይቆዩ።»

«ልጄ፣ ከቆየሁ እጄ እምቢ ይለኛል።»

«ትንሽ ብቻ። እንስራውን መቼ ነው የለቀለቁት?»

«ጠዋት። እንግዳ ይመጣል ብዬ። የተሰነጣጠቀ እንስራ ላሳይህ ነበር?»

መርፌውን ከእንስራው አንስቼ እሳቸው የተቀመጡበት መደብ ላይ አሳረፍኩት። ጠቅ። ትንሽ ቆይቶ ጠቅ፣ ጠቅ። ማዳመጫውን አውልቄ በጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። አዴ ቡዜ ትንፋሻቸውን ይዘው አዳመጡ፤ መርፌውን አዩ፤ መደቡን አዩ።

«መደቡም ነቀዘ?»

ገርባ ሳቀ። «መደቡንም ልመዝግበው እንዴ?»

«እየደረቀ ነው» አልኩ። «ልስኑ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ይህ ማሽን አሁን በጣም ትንሽ ነገር ይሰማል። እንስራውም ላይ የሰማሁት ይኸው ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል ነው ወይስ ነው?»

«እንየው። ውሃ ይስጡኝ።»

በእጄ ውሃ ረጨት አድርጌ መደቡን አራስኩት። ልስኑ ውሃውን ጠጣ፤ ጥቂት ቆይተን ስንሰማ መደቡ ጸጥ ብሏል። አዴ ቡዜ ያየሁትን አይተዋል፤ ግን የእንስራው ተራ ሲደርስ እጄን ያዙ።

«ዘር አጠገብ ውሃ?»

«ውጭውን ብቻ ነው። እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ጊዜ። ልስኑ ሲርስ መሰንጠቁን ያቆማል። ነቀዝ ግን ውጭው ራሰ ብሎ መብላቱን አይተውም።»

አሰቡበት። ከዚያ ነጠላቸውን ከጫፉ ነክረው፣ ጨምቀው፣ ራሳቸው በእንስራው ሆድ ዙሪያ አለበሱት። የአፉን ምርጊት ግን ጠብታ እንዳይነካው ጠበቁት። እንስራውን ፀሐይ ወደሚገባበት በር አስጠጋን፤ እህሉ ሞቅ ካለው ትሉ ይበልጥ ይበላልና፣ ካለ እንዳይደበቀኝ ነው። ተልባ በቂጣ አቀረቡልን፤ ጾም ነበር። ገርባ በላ። እኔም በላሁ። እሳቸው አልበሉም።

መርፌውን ከነጠላው በታች፣ ባዶው ሸክላ በሚታይበት በእንስራው ቂጥ ላይ አስደገፍኩት። ጠቅታው የለም። ጠበቅሁ። ቆርቆሮውን ሰማሁ፤ ይቆረጥማል። ወደ እንስራው ተመለስኩ፤ ምንም። ጎኑን ቀየርኩ፤ ምንም። በመንገዱ ላይ መኪና ሲያልፍ በሸክላው ውስጥ ተሰማኝ፤ የገርባ እግር መሬት ሲነካ ተሰማኝ፤ ከማሽላው ግን አንድ ቁርጥማት አልመጣም። ገርባ ዝናቡ ስለመዘግየቱ የጀመረውን ወሬ እስኪጨርስ ድረስ ስሰማ ቆየሁና አወለቅሁ።

«አልሰማሁም» አልኩ። «የለም ልልዎት አልችልም። አንድ ሁለት ትል በመካከል ቢኖር ምናልባት አይደርሰኝም። እንደ ቆርቆሮው ያለ መንቀዝ ግን የለም።»

«ድምፅ አለ ስትል አልፈራህም፤ ቢላዋ አነሳሁ» አሉ አዴ ቡዜ። «የለም ስትል ነው የምትፈራው?»

 ማዳመጫውን ጠየቁና አደረጉ። መጀመሪያ ቆርቆሮውን፣ ከዚያ እንስራውን፣ ደግሞ ቆርቆሮውን፣ ደግሞ እንስራውን። ፊታቸውን እንደሚያጣጥም ሰው ቋጠር ፈታ ያደርጉ ነበር።

«ገርባ» አሉ በመጨረሻ። «የኔን ድርሻ ለሌላ ስጥ።»

«እርግጠኛ ነዎት? ነገ ቢመጡ አይሆንም።»

«ነገ ሽንኩርት አለብኝ።»

ገርባ ቆቡን አነሳና ወጣ። አዴ ቡዜ ነጠላቸውን ከእንስራው ላይ ገፈፉ። ውሃው የነካው ልስን ተልጦ ነበር፤ ቢላዋውን ወደ ግድግዳው መልሰው የተላጠውን በመዳፋቸው ያስተካክሉት ጀመር። እኔ ማዳመጫውን ለመጠቅለል አንስቼ፣ ሳላስበው ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። መርፌው አሁንም እንስራው ላይ ነበር፤ የመዳፋቸው መንሸራተት በሸክላው ውስጥ እንደ ነፋስ ይሰማል።

ዝናቡ ዘግይቶ ጣለ። ከዚያ በኋላ በነበረ አንድ ቅዳሜ አዴ ቡዜ ከሽንኩርቱ ጋር በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዘው መጡ። «ከእንስራው ዘርቼ የተረፈኝ ነው» አሉና እጄ ላይ አኖሩት። ማሽላ መሆኑን በእጄ አወቅሁ።

ወዲያው ወደ ጠረጴዛዬ ሄጄ ቋጠሮውን በባዶ ቆርቆሮ ውስጥ አደረግሁና መርፌውን አስደገፍኩ።

«ፍታውና በዓይንህ እየው እንጂ» አለች ሸዋወርቅ።

«ተዪው፣ ይስማ» አሉ አዴ ቡዜ። «ጥቂት ዝም እንበልለት።»