ጥርስ ሠሪውና ጭቃ ሹሟ

ጥርስ ሠሪው ልጁን «ጭቃ ሹም» እያለ ነበር የሚጠራት። ገና ድክ ድክ ስትል ዝናብ ካባራ ከቤት ሾልካ ትወጣና ጓሮ ውስጥ በጭቃ ተለውሳ ስለምትገኝ ያወጣላት ስም ነው። አድጋ ቁመቷ ከእሱ ሲስተካከልም ስሙ አልለቀቃትም፤ ጭቃውም እንደዚያው።

የአባትየው የሥራ ቦታ ከጥርስ ክሊኒኩ ሥር ያለች አንዲት ክፍል ናት። ከላይ ሐኪሟ ትነቅላለች፣ ከታች እሱ ይተካል። ጠረጴዛው ላይ የጀሶ መንጋጋዎች አፋቸውን ከፍተው ተደርድረዋል። በትንሿ የአልኮል መብራት ሮዝ ሰም ያለሰልስና በቢላዋ ጫፍ እያነሳ ድድ ይሠራል፤ በድዱ ላይ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ይተክላል። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ወርውራ ከጎኑ ትቀመጥና የተራረፈውን ሰም ትለቅማለች። እሱ ድድ ሲሠራ እሷ የታካሚዎቹን ፊት ትሠራለች፦ ያኮረፈ ፖሊስ፣ ጉንጩ ያበጠ ሾፌር፣ መርፌ የፈራች ሙሽራ። አባትየው እየሳቀ መስኮቱ ላይ ያስቀምጥላታል። ፀሐይ ሲያገኛቸው ይቀልጣሉ፤ በማግስቱ ሌላ ትሠራለች።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲመጣ ልጅቱ የትኛውንም የትምህርት ክፍል የሚያስመርጥ ነጥብ አገኘች። ጥርስ ሠሪው የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ደረጃውን እንደ ጎረምሳ እየዘለለ ወጥቶ ለሐኪሟ አበሰራት። እሷም «ጥርስ ሕክምናውን ተምራ ጨርሳ ትምጣ እንጂ፣ ከእኔ ወንበር አጠገብ ወንበር አዘጋጅላታለሁ» አለችው። ወንበር የተባለው ሥራ መሆኑን አውቆ፣ ሲወርድ እያፏጨ ወረደ።

ምሳ ላይ ልጅቱ ደስታውን አደፈረሰችው።

«አባዬ፣ እኔ ጥርስ ሕክምና አልገባም» አለች ሳህኗን እያየች። «ቅርጻ ቅርጽ ነው የምማረው።»

«ምን ቅርጽ?»

«ሐውልት፣ አባዬ። ሸክላ፣ እንጨት፣ ድንጋይ…»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «አንቺ ልጅ፣ በዚህ ከተማ ያለው ሐውልት አንድ ነው፤ እሱንም የሚጎበኘው ወፍ ነው! ሐውልት አማረኝ ብሎ የሚያለቅስ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም።»

«ጥርሴን ብሎ የሚያለቅስ ግን በየቀኑ ደረጃው ላይ ተሰልፎ ታያለሽ። በቃ፣ አለቀ!»

እናትየው አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ናት። ቀኑን ሙሉ የሰው ጭቅጭቅ ስትሰማ ስለምትውል ቤቷ ውስጥ ጭቅጭቅ አትወድም። «ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው» ብቻ አለች።

ልጅቱ አላኮረፈችም፤ ብታኮርፍ ለአባትየው ይሻለው ነበር። «እሺ አባዬ» እያለች ጀሶ ታቦካለች፣ ዕቃ ታጥባለች። ሰም መልቀም ግን ተወች። መስኮቱ ባዶውን ቀረ። ጥርስ ሠሪው በየጊዜው ቀና ብሎ ያየዋል፤ ቃሉን ግን አላጠፈም። ክፋት ኖሮት አልነበረም። በወጣትነቱ ሥራ አጥቶ የሰው ደጅ ሲጠና፣ ዘበኛ ሁሉ ሲያመናጭቀው የከረመበትን ጊዜ አይረሳውም። ልጁ እዚያ ደጅ ላይ እንዳትቆም ነበር ጭንቀቱ ሁሉ።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡ አንዲት አዋላጅ መጡ። የሠፈሩን ግማሽ ጎትተው ያወጡት እሳቸው ናቸው እየተባለ የሚቀለድባቸው፣ ሁሉም «እትዬ» የሚላቸው ሴትዮ ናቸው። ገና በሰም ላይ የተተከለውን ጥርስ ሊሞክሩ ነበር የመጡት። አፋቸው ውስጥ አስገቡት፣ መስታወት አዩ፣ አወጡት።

«አልሆነም» አሉ።

«ያምዎታል?» አለ ጥርስ ሠሪው።

«አያመኝም።»

«ይላላል?»

«ኧረ አይላላም። ውበቱስ ለጉድ ነው። ግን የኔ አይደለም። የሆነች ዘመናይ አፌ ውስጥ ገብታ የምትስቅብኝ ይመስለኛል።»

«እትዬ፣ ጥርስ እኮ ጥርስ ነው!» አለ ትዕግሥቱ አልቆ።

ልጅቱ የጀሶ እጇን ታጥባ መጣችና አጠገባቸው ቁጭ አለች። «የድሮው እንዴት ነበር፣ እማማ?»

«የፊተኛዋ ጥርሴ ጎረቤቷ ላይ ጋደል ብላ፣ የሰከረች ነበር የምትመስለው። ባለቤቴ መጀመሪያ ያየኝ ቀን በእሷ ሳቀ፤ እስኪሞት ድረስ እንደሳቀባት ነው።»

«እስቲ ስለ እሳቸው ያጫውቱኝ።»

አዋላጇ ወሬያቸውን ጀመሩ። ልጅቱ እያዳመጠች ከንፈራቸው ሲነሳ፣ ጉንጫቸው ሲሰበሰብ ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች። እጇ በራሱ ጊዜ ቢላዋውን አነሳ። ሰሙን አሙቃ አንዱን ጥርስ ጋደል አደረገች፣ ሌላውን ትንሽ ዝቅ፣ አንዱን ገፋ። ጥርስ ሠሪው «ተይ፣ ታበላሺዋለሽ!» እያለ የአልኮል መብራቱን አስጠጋላት።

አዋላጇ ጥርሱን አስገብተው መስታወቱን ተቀበሉ። ጭንቅላታቸውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዞሩ። ከዚያ ከንፈራቸው ቀስ ብሎ ተከፈተ።

«ውይ!» አሉ። «መጣሁ!»

ሳቁ፣ ሳቁና እንባቸውን በመሐረብ ጠረጉ። የልጅቱን ሁለት ጉንጭ ይዘው አገላብጠው ሳሟት።

እሳቸው ጥርሱን ለመጨረሻው ሥራ ትተውለት ከሄዱ በኋላ ጥርስ ሠሪው ያን የሰም ጥርስ ብርሃን ላይ አድርጎ ሲያገላብጠው ቆየ። ዕድሜውን ሙሉ ጥርስ ሲያሰልፍ ኖሯል፤ እንደዚህ የሰው መልክ ያለው ነገር ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። ቀናም፣ ኮራም፤ የትኛው እንደሚበልጥበት ራሱም አላወቀውም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሐኪሟ ወጣ። «ያንን ወንበር ለሌላ ሰው ስጪው» አላት። «ልጄ ሐውልት ልትማር ነው።»

«አንተ ነህ ይህን የምትለው?»

«እኔ ነኝ። ሐሳቤን ሳልቀይር ቶሎ እሺ በይኝ።»

ምሳ ሰዓት እቤት ገብቶ ማዕድ ላይ ተቀመጠ፤ ጉሮሮውን ጠርጎ ሊናገር ሲል ልጁ ቀደመችው።

«አባዬ፣ ወስኛለሁ። ጥርስ ሕክምና እገባለሁ።»

«ምን?» ብሎ ተነሳ። «ማን ፈቀደልሽ? ቅርጻ ቅርጽ ነው የምትገቢው!»

«አልገባም!»

«ትገቢያለሽ! ወንበሩን እንኳ መልሼዋለሁ!»

«ለምን መለስከው? አንተ አይደለህ እንዴ ሐውልት የሚጎበኘው ወፍ ነው ያልከው?»

«ወፍስ ቢሆን ምናለበት? ወፍ ዓይን የለውም?»

እናትየው ጭንቅላቷን ይዛ መሳቅ ጀመረች። «እናንተ ሰዎች፣ ሁለታችሁም የተሳሳተ አውቶቡስ ላይ ናችሁ» አለች። ከዚያ ሳቋን ገትታ ወደ ልጇ ዞረች። «ንገሪኝ እስቲ፣ የኔ እናት። የወደድሽው ጥርሱን ነው ወይስ አባትሽን?»

ልጅቱ ሳህኗን ገፋ አደረገች። «አባዬን» አለች።

ጥርስ ሠሪው ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። የጠረጴዛውን ጨርቅ አስተካከለና፣ «እኔን ለመውደድማ» አለ፣ «የሰው ጥርስ መንቀል አያስፈልግሽም።»

ልጅቱ ተነስታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ያን ዕለት ከሰዓት በስልኳ ምርጫዋን ስትሞላ አባትየው ከኋላዋ ቆሞ፣ «መጀመሪያ ላይ አደረግሽው? እርግጠኛ ነሽ? እስቲ እንደገና እዪው» እያለ አሰለቻት። አንድ ነገር ብቻ አስማላት፤ በየእረፍቱ እየመጣች የእሱንም ሙያ በደንብ ልትማር።

የአባትየው ፍርሃት መሠረተ ቢስ አልነበረም። ልጅቱ ተመርቃ ስትወጣ ለቀራፂ የተዘረጋ እጅ አልጠበቃትም። የሰው ደጅም ጠናች፤ ዘበኛም አመናጨቃት። ግን ያኔም የምትመለስበት የአባቷ ጠረጴዛ ነበራት። አሁን ጠዋት ጠዋት ከአባቷ ጋር ጥርስ ትሠራለች፣ ከሰዓት ልጆች ሸክላ ታስተምራለች፣ በቀረው ጊዜ ጓሮ ባለው ዳስ ውስጥ የራሷን ትቀርጻለች። ባለፈው ዓመት ከሠራቻቸው አንዱን የከተማው ቤተ መጻሕፍት ወስዶ በሩ ላይ አቆመው። አባትየው ከዚያ ወዲህ የትም ሲሄድ በዚያ በኩል ነው መንገዱ።

ደንበኞቹ «ልጅህስ ምን ሆነች?» ሲሉት፣ ቢላዋውን ያስቀምጥና ተመቻችቶ ይቀመጣል።

«ቀራፂ ናት» ይላል።

«ጥሩ ነው። ደሞዙስ?»

«ደሞዙ ተነስቷል» ይላል ጥርስ ሠሪው፣ «መንገድ ላይ ነው።»