ለሁለት የተካፈሏት መኪና

ብቸና ለማስተማር ተመድቤ የመጣሁ ሰሞን፣ ቤት ያከራዩኝ እትዬ ሀብትነሽ ቁልፉን ሲሰጡኝ ሦስት ነገር ነገሩኝ። ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ነው። ዶሮዎቹ ሰው አይፈሩም። ከጓሮ ባለው የቆርቆሮ ቤት ያለውን ነገር እንዳትነካ።

«ምንድን ነው ያለው?» አልኳቸው።

«የአባቴ መኪና። ግማሿ።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

እኔ ያደግሁት አምበር ነው። የተማርሁት አውቶሞቲቭ ነው፤ በማሠልጠኛ ተቋሙ የማስተምረውም እሱኑ ነው። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ግማሽ መኪና እንዳለ እየሰማሁ ዝም ብዬ መኖር የምችለው ሁለት ወር ብቻ ነበር። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ለመንኳቸውና ከፈቱልኝ።

አሮጌው ሸራ ሲነሣ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያ የሌላት፣ አፍንጫዋ የረዘመ አረንጓዴ መኪና ብቅ አለች። የእንግሊዝ ስፖርት መኪና፣ ኤም ጂ። እንዲህ ያለችውን ያየሁት በመጽሐፍ ብቻ ነበር። ቸርኬዎቿ እንደ ብስክሌት በራጂ የተወጠሩ ናቸው። መሪዋ በቀኝ ነው። ኮፈኑን ስከፍት ሞተር መኖር በሚገባው ቦታ ላይ አንዲት ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ አየችኝ።

እትዬ ሀብትነሽ ታሪኩን የነገሩኝ እዚያው ቆመው ነው። አባታቸው አቶ ውበቴ አዲስ አበባ የአንድ እንግሊዛዊ ቀያሽ ሹፌር ነበሩ። ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ መኪናዋን ለእሳቸው ትቶላቸው ሄደ። አገሩ ሁሉ በግራ በሚነዳበት ዘመን ዓባይን ተሻግረው ብቸና አመጧት። እትዬ ሀብትነሽ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው፣ ፈረስ በሚጋለብበት ሜዳ ላይ መንዳት አስተማሯቸው።

«ሴት ልጅ መሪ ይዛ ያየ ገበያተኛ አህያውን ጥሎ ቆመ» አሉኝ። «አህያዋ ብቻዋን ቤቷ ገባች።»

ግን መንዳቱ ከአምስት ቀን በላይ አልዘለቀም። ጎማው አለቀ፣ ነዳጅ ጠፋ፣ እሳቸውም ተዳሩ። አቶ ውበቴ በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ሲያርፉ ንብረቱን የሚካፈሉት እትዬ ሀብትነሽና ታናሽ ወንድማቸው ይርሳው ሆኑ። በቤታቸው ልማድ ታላቅ ይከፍላል፣ ታናሽ ይመርጣል። ከፋዩ የተረፈውን ስለሚወስድ አንዱን ድርሻ ማሳነስ አይችልም። በሬዎቹም፣ ቤቱም፣ ቀፎውም እንዲሁ ሆነ። መኪናዋ ላይ ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ «ሽጡና ተካፈሉ» አሉ። ገዢ አልተገኘም።

«እኔ አካሏን በአንድ በኩል፣ ሞተርና ካምቢዮዋን በሌላ በኩል አደረግሁት» አሉ። «እንዲህ ያለ ክፍያ ሰው አይቀበልም። ይስቅና ‹እታለም፣ መኪናዋን አንቺው ውሰጃት፣ ለእኔ ላሟን ስጪኝ› ይለኛል ብዬ ነበር። እሱ ‹ሞተሩን› አለ። ጭኖ ሞጣ ወሰደውና ወፍጮ አዞረበት።»

«ከዚያ ወዲህ አትነጋገሩም?»

«ለምን አንነጋገርም! ለፋሲካ ይመጣል፣ ለልቅሶ እሄዳለሁ። ስለ መኪናዋ ግን አፉን አይከፍትም፤ እኔም አልከፍትም።» ሸራውን መልሰው ሲጎትቱ እጃቸው መሪው ላይ ቆየ። «ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። ቀኝ ዓይኔ ሞራ ተገፍፎለታል፣ ግራው ወረፋ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በገዛ እግሬ ነዳጅ ረግጬ ሜዳውን ብዞር ሌላ የምለምነው የለኝም።»

በማግሥቱ ዶሮዋን ከእነ እንቁላሏ ወደ ቅርጫት አዛወርኋት።

ለአካሏ ስድስት ወር ፈጀሁ። የዚህች መኪና ላሜራ የሚያርፈው በብረት ላይ ሳይሆን በእንጨት ላይ ነው፤ እንጨቱን ደግሞ ምስጥ በልቶ ቅርፊቱን ብቻ ትቶልኛል። አናጢዎች መጥተው እያዩ «ይህ በር አይደል፣ አልጋ አይደል» እያሉ ሄዱ። በመጨረሻ የተስማማው ለአብያተ ክርስቲያናት ከበሮ የሚሠራው ወልደ ኪዳን ነው። የተበላውን እንጨት በእጁ እየዳሰሰ ግማሽ ቀን ተቀመጠና «ዋንዛ ይሆናል» አለ። ሜትር አይጠቀምም። በክንዱና በስንዝሩ ለካ፤ እኔ በካሊፐር ስለካው ከሁለት ሚሊ ሜትር በላይ ስሕተት አጣሁበት። ይህን ስነግረው ገረመው፤ «ምን ጠብቀህ ነበር?» አለኝ።

ወንበሩን ግን አበላሸው። ቆዳውን እንደ ልማዱ አርሶ፣ ወጥሮ፣ በጠፍር ሰፍቶ ፀሐይ ላይ አስጣው። ሲደርቅ እትዬ ሀብትነሽ ሊሞክሩት ተቀመጡና ወዲያው ተመልሰው ቆሙ።

«ምነው?» አልኳቸው።

«አነሣኝ!»

በመዳፌ መታሁት። ዱም አለ። ወልደ ኪዳን ራሱን እየነቀነቀ «ድምፁ ግን አይታማም» አለ።

«ጥምቀት ላይ ልመታው ነው እንዴ?» አሉት እትዬ ሀብትነሽ። «በል ፍታልኝ፤ ሲያረጁ የሚቀመጡበት እንጂ የሚያሸበሽቡበት አልፈልግም።»

ፈትቶ፣ ገለባና ሱፍ ሞልቶ፣ ላላ አድርጎ ሰፋው። ራጂዎቹን ብስክሌት ጠጋኝ አጠበቀልኝ። የፍሬኑን ጎሚኒዎች ከሞተር ሳይክል አገኘሁ። ብሎኖቹ ሁሉ በኢንች ስለሆኑ የብሎን መፍቻ ኪያቤዬ አንዱንም አልያዘልኝ፤ ሁለት አሮጌ ኪያቤዎች በሞረድ አስተካክዬ ከዚያ በኋላ በሰላም ሠራሁ። አካሏ አለቀ። ሞተር ግን የለም።

በአንድ ቅዳሜ፣ መንገዱ ተዘግቶ ከርሞ በተከፈተ ሳምንት፣ በደብረ ወርቅ አድርጌ ሞጣ ሄድሁ። ጋሼ ይርሳውን ያገኘኋቸው ወፍጮ ቤታቸው በር ላይ፣ እስከ ቅንድባቸው ዱቄት ለብሰው ነው። ስጦታው እንደምባልና ከማን ዘንድ እንደመጣሁ ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ልካህ ነው?» ብለው ነው።

«አላኩኝም። መምጣቴን ያውቃሉ እንጂ።»

«አካሏ አለች?»

«አለች። ቀለም ተቀብታለች።»

ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። ሞተሩ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ የበግ አጎዛ ለብሶ ተቀምጧል። መብራት ሞጣ ገብቶ ወፍጮው በኤሌክትሪክ መዞር ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሞተሩ እንደ ድንጋይ ደርቆ የማገኘው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን የሞተር ማስነሻ ዘንጉን፣ ማኒቬላውን፣ ከግድግዳው አውርደው ሰጡኝ።

«ያዝ። አዙር።»

አዞርሁት። ሲዞር ትንፋሹን ሰብስቦ እጄን ገፋው።

«ወር በገባ በዐሥራ ሁለት፣ ከሚካኤል ስመለስ አዞረዋለሁ» አሉ። «በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት ጠብ አደርግለታለሁ። አንድ ወር አላለፈኝም። ዋሸሁ፣ ታይፎይድ የያዘኝ ጊዜ አንድ አልፎኛል።»

ለማን ብለው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። እሳቸው ራሳቸው ጀመሩት። «ያን ጊዜ የወፍጮዬ ሞተር ተሰብሮ ሁለት ወር ቆሞብኝ ነበር። ሦስት ልጆች አሉኝ። ሞተሩን ለብቻ ስታደርግልኝ፣ ችግሬን አውቃ፣ በሰው ፊት ሳታሳፍረኝ ልትሰጠኝ ነው ብዬ በልቤ መረቅኋት። ለካ እሷ እንድተውላት ነው የፈለገችው። ፊቷን ሳይ ገባኝ፤ ግን ከአፌ ወጥቷል፣ ሽማግሌ ሰምቷል።»

«ታዲያ ይህን ለምን አይነግሯቸውም?»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት ያልተነገረ ነገር ከየት ይጀመራል፣ አንተ?»

እሳቸው አጎዛውን እያጣጠፉ ፈገግ አሉ። «አባባ በቀኝ፣ እኔ በግራ በእሷ ጭን ላይ ነበር የምንሄደው። ክርኔን በበሩ አውጥቼ። ቄስ ስናልፍ ክርኔን ቆንጥጣ ታስገባኝ ነበር።»

ሞተሩን በአይሱዙ ስንጭን አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ። «አልሰጠሁም። ድርሻዬ ነው። ስትገጥማት ደውልልኝ፤ የመጀመሪያውን ዙር ማን እንደሚነዳ መጥቼ በልማዳችን እንካፈላለን።»

ይህን ለእትዬ ሀብትነሽ ስነግራቸው ምስር እየለቀሙ ነበር። እጃቸው ቆመ።

«በልማዳችን አለ?»

«አዎ።»

«መራጩ እሱ ነዋ» አሉና ወደ ምስራቸው ተመለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ቤት ስገባ መሪው ላይ ተቀምጠው አገኛቸው ነበር። ፍሪሲዮኑን ይረግጣሉ፣ ማርሹን ይለውጣሉ፣ ከንፈራቸውን ሞጥሙጠው በአፋቸው ድምፅ ያሰማሉ። ባልደርስባቸው ይሻላል ብዬ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

ሞተሩ ጥሩ ነበር። የሞተሩን ክዳን፣ የቴስታታውን ማሸጊያ ከመዳብ አስቀረጽሁ፣ ለፍሪሲዮኑ ሸራ ከአሮጌ አይሱዙ ቆርጬ በሪቬት መታሁ፣ ካርቡሬተሩን ሦስት ጊዜ ፈታሁት። በመጋቢት አጋማሽ በማኒቬላ ስመታት በአራተኛው ተነሣች። ዶሮዎቹ ሰው ባይፈሩም ሞተር እንደሚፈሩ ያን ቀን አወቅሁ።

ደወልሁ። ጋሼ ይርሳው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጭ ጋቢ ለብሰው ደረሱ። መኪናዋን እየገፋን ሜዳው ላይ አወጣናት፤ ሰፈሩ ተከተለን። ነዳጅ የተገኘው ከአንድ ባለ ባጃጅ በልመና፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ሁለት ሊትር ነው።

እትዬ ሀብትነሽና ጋሼ ይርሳው ተሳሳሙ። ትከሻ ለትከሻ ሦስቴ ተገጫጩና ሁለቱም መኪናዋን ማየት ጀመሩ። ጋሼ ይርሳው ዋንዛውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። እኔ ጣልቃ ገብቼ «ሁለታችሁም በተራ…» ልል አፌን ስከፍት ወልደ ኪዳን እጄን ያዘኝ።

«ክፈያ፣ እታለም» አሉ ጋሼ ይርሳው።

እትዬ ሀብትነሽ ነጠላቸውን አጣፉ። ማታለል ይችሉ ነበር፤ ነዳጁን መከፋፈል፣ ዙሩን መከፋፈል፣ ሌላም። አላደረጉትም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያልጣሱትን ልማድ ዛሬ ሊጥሱት አልፈለጉም።

«ሁለት ወንበር ናት» አሉ። «ግራ አንድ፣ ቀኝ አንድ። ምረጥ።»

ጋሼ ይርሳው መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት። መሪውን አዩ፣ ከሥሯ የተንጠባጠበውን ዘይት አዩ፣ እኔንም አዩኝ።

«ግራውን» አሉ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። «ጋሼ፣ ተሳሳቱ! የዚህች መሪ በቀኝ ነው!» አለ ባለ ባጃጁ።

ጋሼ ይርሳው ግንባራቸውን መቱ። «ወይ ጉድ! የዛሬ ጊዜ መኪና ለምጄ! ምን ይደረግ፣ ከአፌ ወጥቷል፣ ሽማግሌ ሰምቷል።»

እትዬ ሀብትነሽ አልሳቁም። ወንድማቸውን ትክ ብለው አዩአቸው። «ጭኔ ላይ የተቀመጥህበትን በኩል ረሳሁት ነው የምትለኝ?»

«እርጅና ነው፣ እታለም።»

«ውሸታም» አሏቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና በቀኙ በር ገቡ።

ማኒቬላውን መታሁ፣ ተነሣች። እትዬ ሀብትነሽ ፍሪሲዮኑን ሲለቁ መኪናዋ እንደ ፍየል ሁለት ጊዜ ዘለለችና መሄድ ጀመረች። እኔ ከጎን ሮጥሁ። «ሁለተኛ ማርሽ! ሁለተኛ!» ብዬ ስጮህ «አውቃለሁ፣ ዞር በል!» አሉኝ። አገቡት። ሜዳውን ሙሉውን ዞሩ፤ ጋሼ ይርሳው ክርናቸውን በበሩ ላይ አውጥተዋል። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ዳር ቆመው ነበር። እዚያ ሲደርሱ እትዬ ሀብትነሽ ከመሪው አንድ እጃቸውን አንሥተው ወንድማቸውን ክርናቸው ላይ ቆነጠጧቸው። ክርኑ ገባ።

ዙሩ ያለቀው እኛ ዘንድ ደርሰው ሲቆሙ ነው። ነዳጅ ገና ነበር።

«በል፣ አሁን እንለዋወጥ» አሉ እትዬ ሀብትነሽ፣ ፊታቸው ላብ በላብ ሆኖ።

«ታናሽ ሁለቴ አይመርጥም» አሉ ጋሼ ይርሳው፤ ከወንበራቸውም አልተነቃነቁም። «ባይሆን ንጂ። ደግሞ እንዳታንገጫግጪኝ፣ ወገቤን ያመኛል።»

እትዬ ሀብትነሽ እየሳቁ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቁት፤ ሞተሩ ጠፋ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ የካርቡሬተሩን ነዳጅ አሳንሼ ነው ያስተካከልሁት። ልነግራቸው ስል ግን ሁለቱም በአንድ ድምፅ «አንተ ስጦታው! ምን ቆመህ ታየናለህ?» አሉኝ። ማኒቬላውን ይዤ ሮጥሁ።