የመቶ አለቃ ሩደን በጉለሌ

የሰደበኝ ስለሺ ነው፤ ምሥራቅ ጀርመን፣ ላይፕዚግ ተምሮ የመጣው የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ኃላፊ። ቀኑም ሐምሌ ስምንት 1971 ዓ.ም.፣ የሥላሴ ማግስት። ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድባል። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «በድሉ፣ አንተ እንኳን መኮንኑን፣ ፈረሱንም አትሠራው» አለኝ። የሳቁትን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ።

ምን አጠፋሁ? ልተውን አልኩ። ስለሺ የጻፈው ድራማ ስለ አንድ የፕሩሲያ መኮንን ነበር። ፕሩሲያ ያኔ ጀርመን አንድ አገር ሳትሆን የራሷ ንጉሥ የነበራት ናት። ሩደን የሚባለው ይኼ ሰው የደኸየ ባላባት ልጅ ነው። በልጅነቱ ጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ ጎበዝ ወጣው። ግን ቤተ መንግሥት የሚያውቀው ዘመድ የለውም። እኩዮቹ ኮሎኔል ሲባሉ እሱ በመቶ አለቃነት ሸበተ። በኋላ የበርሊን ሕዝብ በንጉሡ ላይ ሲነሣ «ተኩስ» ቢሉት እምቢ አለ። ማዕረጉን ከትከሻው ቦጭቆ ጥሎ ከሕዝቡ ጋር ተሰለፈ፤ ተይዞም ፍርድ ቤት ቀረበ።

እኔ የቡድኑ መጋረጃ ሳቢ ነበርኩ። ቀን አዲሱ ገበያ የባሕር ዛፍ እፈልጣለሁ፣ ማታ መጋረጃ እስባለሁ። በጃንሆይ ጊዜ ወታደር ልሁን ብዬ ብመዘገብ ከአራተኛ ክፍል አላለፍክም ብለው መልሰውኛል። እና ያን ሰውዬ ከመጋረጃ ጀርባ በሰማሁት ቁጥር ገመዱን እንደያዝኩ ቃሉን አብሬው እላለሁ። ሩደንን ይሠራ የነበረው መምህር ሀብተ ጊዮርጊስ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲሄድ ነው እኔ ልሁን ያልኩት፣ ያ ስድብም የመጣው። ሌላ ሰው ጠፋና ስለሺ ሳይወድ ሰጠኝ። «አንድ ቃል ብታበላሽ ከቡድኑ ትሰረዛለህ» ብሎኝ ነው ታዲያ።

የአብዮት በዓል ውድድር በከፍተኛው አዳራሽ ሆነ። ኮቴ የድሮ የማርሽ ባንድ ኮት ነው። ቆቤ የአሉሚኒየም ድስት፣ አናቱ ላይ የተበየደው ሹል ነገር የናፍጣ ማንቆርቆሪያ አፍ። ስገባ ሳቁብኝ። ተማሪው ሩደን ሳለሁ ሳቁ፤ ሹመት ሲያልፈኝ ግን ሳቁ ቆመ። ያን መተወን አላስፈለገኝም። አልተኩስም ስል አንዲት ሴትዮ አለቀሰች።

ፍርድ ቤቱ ላይ ደረስን። እዚህ ጋ ስለሺ የጻፈው ረጅም ንግግር አለ፤ ስለ መደብ ትግል፣ ስለ ታሪክ ሕግ። አፌን ስከፍት የለም። ጠፋ። ቃል የምታቀብለው ሸዋገነት ከመጋረጃው ጀርባ ታንሾካሽካለች፣ አልሰማትም። ስለሺን ግን አየሁት፤ ፈገግ ብሏል። ከቡድኑ ሊሰርዘኝ ነው።

እንግዲህ ንጉሥን እምቢ ያለ ወንድ ዳኛ ፊት ቆሞ ምን ይላል? እኛ አገር የሚለው አንድ ነገር ነው። የእንጨት ጎራዴዬን መዘዝኩ፤

«ዘራፍ የሩደን ልጅ፣ የበርሊኑ አንበሳ፣
ማዕረግ ሲያድሉ ስሙ የሚረሳ፣
ድሃ ምታ ቢሉት ባዛዡ የተነሣ!»

ፕሩሲያዊ ሲፎክር ማን አይቶ ያውቃል? ከውድድሩ ዳኞች መሃል መለዮ የለበሰው ሻምበል ፊቱን አኮማተረ፤ ይኼ የፊውዳል ቅሪት ነው ሊለኝ ነው ብዬ ጎራዴዬን ዝቅ አደረግኩ። ያኔ ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን አንሥተው «በለው!» አሉ። ከዚያማ ማን ይያዘው፤ ሴቱ እልል፣ ወንዱ በለው። ደገምኩት። ጦሩ እያሳደገ ያስተማረውን፣ እየናቀ ያሸበተውን፣ የጣለውን ማዕረግ፣ የሰውየውን ዕድሜ በሙሉ ፎከርኩት። ሻምበሉ እንደምንም ተቀምጦ ቆየና ተነሥቶ አጨበጨበ።

አንደኛ ወጣን። ሻምበሉ ጀርመኑን በፉከራ ማስጨረስ የማን ሐሳብ እንደሆነ ማወቅ ፈልጎ ወደ መድረኩ መምጣት ጀመረ። ስለሺ ቀደመውና ክንዴን ያዘኝ። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል።

«ጓድ በድሉ፣ እባክህ፤ ፉከራውን የጻፈው ስለሺ ነው በለው። ላንተ ምንህ ነው?»

ጓድ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። ክንዴን ከእጁ አላቀቅኩ፤ ጎራዴዬን ሰገባው ውስጥ ከተትኩና፣ ሰዉ ትከሻዬን እየመታኝ፣ ሻምበሉንም ሳልጠብቅ በመሃሉ አልፌ ወጣሁ።